የማኪያቶውን ዋጋ ማን ጠጣው? ስለ ባለጸጎች ጠባይ ለተጻፈው ምላሽ

በዚህ ወር አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ላከችልኝ፤ ቀጥሎ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፤ በመጨረሻ ታናሽ ወንድሜ "አንብበው፣ ይጠቅምሃል" የምትል ቃል ጨምሮበት። ሦስተኛው ሲመጣ ምክር መሆኑ ቀርቶ ሽሙጥ መሰለኝ። ጽሑፉ ሀብት አፍርተው ሀብታቸው የሚሰነብትላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው የሚተነትን ነው። አጻጻፉ ያምራል፤ ቁጥርም ምሳሌም አለው። ቅር ያሰኘኝ፣ አንብቤ ስጨርስ የማውቃቸው ብዙ ታታሪ ሰዎች በድህነታቸው ተከሰው፣ ተፈርዶባቸው፣ መዝገባቸው ተዘግቶ ማግኘቴ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጠው። ገንዘብ ጠባይን ተከትሎ ይሄዳል ይላሉ። ለሁለት ሰዎች እኩል ብር ብትሰጥ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱን ባለ ሕንፃ፣ ሌላውን ባለ ዕዳ ሆኖ ታገኘዋለህ። የሚለያያቸው ስድስት ጠባይ ነው፦ ቆጣቢነት፣ ትዕግሥት፣ ለዘመድ "አይሆንም" ማለት መቻል፣ ድፍረት፣ ማልዶ መነሳትና አፍን መሰብሰብ። ከዚህ ተነስተው ድህነት ከኪስ በፊት ጭንቅላት ውስጥ እንደሚጀምር ይደመድማሉ።

እኔ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ለ11 ዓመት የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነበርኩ። በየእሑዱ 40 ሰው በተራ እየመጣ ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ፣ እየቆጠርኩ ደብተሬ ላይ ስም በስም ምልክት ሳደርግ፣ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ኮፍያ ውስጥ ተበጥብጠው አንድ ሕፃን እጁን ሰዶ ዕጣውን ሲያወጣ ኖሬያለሁ። ገንዘብ ፊት የሰውን ጠባይ ለማየት ከዚያ ወንበር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከዚያ ሆኜ ያየሁት አንድ ነገር ለጸሐፊው ዝርዝር አልመች ብሎኛል። አንዳንዱ ሰው በእቁቡ ውስጥ እንደ ብረት የጸና ሆኖ፣ ከእቁቡ ሲወጣ እጁ ወንፊት ነው። ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ታዲያ ጠባዩ የቱ ነው?

ከቁጠባው እንጀምር፤ ከሁሉ በላይ የተሰራጨው እሱ ስለሆነ። ጸሐፊው እንዲህ ያሰላሉ፦ በቀን አንድ ማኪያቶ የተወ ሰው 60 ብሩን ባንክ ቢያስገባ፣ በ7 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 900 ሺህ ብር ይኖረዋል። ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ ሠራሁት፤ ስሌቱ ልክ ነው። በዓመት 21,900 ብር፣ ወለድ በወለድ ላይ እየተደረበ፣ 898 ሺህ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ገበያው ብቻ ነው።

የዋጋ ንረቱ በዓመት 15 በመቶ ነው እንበል። ለእኛ አገር ይህ ማጋነን አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። "ማኪያቶውም አብሮ ስለሚወደድ በየዓመቱ የሚቆጠበው ብር ያድጋል" ብለን ለጸሐፊው እንኳ ብንወግን፣ ሰውየው 20 ዓመት ተከልክሎ ባጠራቀመው ብር መጠጣት የሚችለው የ11 ዓመት ማኪያቶ ነው። የ9 ዓመቱን ገበያው ጠጥቶለታል። ይህ እንግዲህ አንድም ቀን ሳይሳሳት፣ አንድም ቀን ለሆስፒታልም ለልቅሶም ብሎ ከሒሳቡ ሳያወጣ ነው።

በቅርቡ የሆነውንም እናስታውስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር ቆጥቦ የተቀመጠ ሰውና ቆርቆሮ ገዝቶ መጋዘን ያስገባ ሰው እኩል ቆጣቢዎች ነበሩ፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ። እንዲያውም ቆርቆሮውን በዱቤ ያነሳው ባለ ዕዳ ከሁለቱም ሳይሻል አልቀረም። በጸሐፊው ሚዛን ግን ባለ ዕዳው "ጠባየ ቢስ" ነው።

እዚህ ላይ የምቀበለው አለ። ለክፉ ቀን የተቀመጠች ብር የሌለው ሰው፣ ልጁ የታመመ ቀን የአራጣ አበዳሪ ደጅ ይጠናል፤ ከዚያ ደጅ በደህና የተመለሰ ጥቂት ነው። የሁለትና የሦስት ወር ወጪ እጅ ላይ መኖሩ ከማንኛውም ወለድ ይበልጣል። ጸሐፊው ይህን ብለው ቢያቆሙ ኖሮ አብሬያቸው ነበርኩ። ማኪያቶን ትቶ ባለጸጋ መሆን ግን ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ትዕግሥት ስንመጣ ጸሐፊው የታወቀውን የስታንፎርድ ሙከራ ያነሳሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕፃናትን አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ማርሽማሎው የሚባል ለስላሳ ጣፋጭ ፊታቸው እያኖሩ "እስክመለስ ካልበላኸው ሁለት ይሆንልሃል" ይሏቸው ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ የታገሡት ልጆች ሲያድጉ በትምህርት ውጤታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው "የሀብታምና የድሃ መንገድ በአራት ዓመት ዕድሜ ይለያያል" ይላሉ። ታሪኩን እዚያ ላይ ያቆሙታል፤ ታሪኩ ግን ከዚያ ወዲያም ቀጥሏል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 900 የሚጠጉ ልጆችን የያዘ ሌላ ጥናት ሲወጣ፣ በመታገሥና በኋለኛው ውጤት መካከል ያለው ዝምድና የቀድሞውን ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልጁ የመጣበት ቤት ኑሮና የእናቱ ትምህርት ሒሳብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይህም በጣም ሳሳ። ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ ከሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣው ትንሽዬ ሙከራ ነው። ሃያ ስምንት ሕፃናት ብቻ ናቸው። ጣፋጩ ከመምጣቱ በፊት ሥዕል እንዲሥሉ ያገለገለ ቀለም ተሰጣቸውና "ትንሽ ጠብቁ፣ የተሻለ ላምጣላችሁ" ተባሉ። ለግማሾቹ ቃል የገባላቸው ሰው የተባለውን ይዞ ተመለሰ። ለግማሾቹ ባዶ እጁን መጣና "ይቅርታ፣ ለካ የለም" አላቸው። ከዚህ በኋላ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ታገሡ። የተዋሹት 3 ደቂቃ።

እነዚያ የተዋሹት ልጆች ትዕግሥት የለሽ ሆነው ተፈጥረዋል? ከደቂቃዎች በፊት ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበሩ። ልጁ ሒሳቡን ሠርቷል፤ "ሰውየው አይመለስም፣ ስለዚህ ያለውን ልብላ።" እኔ ብሆንም እበላው ነበር።

ነገሩን ወደ ቤታችን ላምጣው። በ2005 ዓ.ም. ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ምዝገባ ሲካሄድ የአዲስ አበባ ሕዝብ ባንክ ደጅ ተሰልፎ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ከደመወዙ በየወሩ ሳያጓድል የቆጠበ ሰው በየቤቱ አለ። የትዕግሥት ፈተና ከተባለ ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል? የማውቃቸው ሁለት መምህራን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ በአንድ ሳምንት ተመዝግበው እኩል ቆጠቡ። አንዷ ዕጣ ደረሳትና ቤቷን ይዛ ትኖራለች፤ ሌላው ዛሬም ኪራይ ይከፍላል፣ ዛሬም ይቆጥባል። ጸሐፊው "እኩል ብር የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች" ሲሉ ትዝ ያሉኝ እነዚህ ናቸው። በሐምሌ 2014 ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣና፣ መስፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች ስም ሥርዓቱ ውስጥ መግባቱ ስለታወቀ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ስማቸውን በዝርዝሩ ላይ አይተው እልል ብለው የነበሩ ሰዎችም ደስታቸውን መልሰው ዋጡ። ከዚያ በኋላ አንዱ ቁጠባውን አቋርጦ ብሩን ለሌላ ነገር ቢያውለው፣ "ትዕግሥት የለውም" ለማለት አፌ አይደፍርም።

ሦስተኛው፣ ስለ ዘመድ ያሉት፣ ብዙ ያነታረከን ነው። "ዘመድ የሀብት ምስጥ ነው፤ አይሆንም ማለትን ያልተማረ ሰው ለሌላው ሲያርስ ይኖራል" ይላሉ። ይህን ሲጽፉ ማንን አስበው እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም አውቃታለሁና። የሰፈራችን ልጅ ናት። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ለወንድሟ ላከች፤ "መሠረት ወጣ፣ ግድግዳ ቆመ፣ ቆርቆሮ ቀረ" እየተባለ በስልክ ሲነገራት ከረመ። ስትመለስ መሠረቱም አልነበረም። ዛሬ የዚያ ወንድሟ ስም ሲነሳ ፊቷን ታዞራለች። ስለዚህ ጸሐፊው ከመሬት ተነስተው አልጻፉም።

ነገር ግን የዚችን ልጅ ነገር ልብ ብለን እንየው። የጎደላት "አይሆንም" ማለት ነበር? ልጅቱ እኮ የምትሰጠውን የሰጠችው ለራሷ ቤት ነው። የጎደላት ብሯ ምን ላይ እንደዋለ የሚያይላት ሦስተኛ ሰው ነው። እቁብ ውስጥ ቢሆን ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፤ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ 40 ሰው ያያል። እሷና ወንድሟ መካከል የነበረው ስልክ ብቻ ነው።

ደግሞስ "አይሆንም" ብለን ዘመድን ስንሸኝ፣ የታመምን ዕለት ማን ይምጣ? ብዙዎቻችን የጤና መድን የለንም፤ እድሩም ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ የሚመጣው ከሞትን በኋላ ነው። በመካከል ያለውን የሚሸፍነው ያ "ምስጥ" የተባለው ዘመድ ነው። ለአክስት ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ የሰጠ ሰው ብሩን የጣለ ለሚመስለው፣ ሰጪው ራሱ የአልጋ ቁራኛ ሲሆን ማን ሌሊቱን አብሮት እንደሚያድር ይይ።

መርካቶን ለሚያውቅ ደግሞ ይህ ምክር ከሁሉ በላይ እንግዳ ነው። ከጉራጌ ገጠር በልጅነታቸው መጥተው ዛሬ በጅምላ የሚያከፋፍሉትን አባቶች የመጀመሪያዋን ብር ከየት እንዳገኙ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚነግሯችሁ ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፦ የአገር ልጅ ወይም አጎት ሱቅ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ መተኛት፣ ሊስትሮ መሥራት፣ ከዚያ አጎት መደርደሪያውን ከፍሎ "ይህችን ካልሲ ሸጠህ ዋጋዋን አምጣ" ማለት። እነዚያ አጎቶች "አይሆንም" የሚለውን ጠባይ ቀድመው ቢማሩት ኖሮ ከዛሬዎቹ ሱቆች ስንቱ ይከፈት ነበር?

ከዘመድ ጋር ያለብን ችግር እውነተኛ ከሆነ ሕዝባችን መፍትሔ ካበጀለት ቆይቷል፤ ጸሐፊው ግን አላዩትም። "የእሑድ እቁብ አለብኝ" ማለት ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ስንት ትዳርና ስንት ወንድማማችነት እንዳተረፈች የሚያውቀው የእቁብ ጸሐፊ ነው። ዘመድ "ባንክ ያለህን አውጣልኝ" ለማለት አያፍርም፤ "እቁብህን አስቀርልኝ" ለማለት ግን ያፍራል፤ እቁብ ማጉደል ነውር መሆኑን እሱም ያውቃላ። አንዲት እቁብተኛችን ሁለተኛ እቁብ የገባችው የባሏን ወንድም ለመሸሽ ብቻ መሆኑን እየሳቀች ነግራኛለች። የሰዎቹ ቆራጥነት እንደ እኔና እንደ እናንተ ነበር። ሐፍረታቸውን ግን አንድ ቦታ አስረውታል።

ድፍረትን በሚመለከት ጸሐፊው "ደመወዝ የድህነት ማደንዘዣ ነው" ይላሉ፤ ሥራቸውን በአንድ ቀን ለቀው የተሳካላቸውን ሰዎች ይጠቅሳሉ። ለቀው የከሰሩትን ማን ይጥቀስልን? የከሰረ ሰው ሬዲዮ ላይ ቀርቦ "የስኬትህ ምስጢር ምንድን ነው" ተብሎ አይጠየቅም። ገደል የገባው ሁሉ ዝም ብሎ ተሻግሮ የተረፈው ብቻ ሲናገር፣ ገደሉ ሜዳ ይመስላል።

እኔ ያየኋቸው ነጋዴዎች ደፋሮች አይመስሉም። ፈሪዎች ናቸው ብል ይቀለኛል። አንድ ዕቃ ለሦስት ሸሪክ ይገዛሉ፣ ሁሉን ብር አንድ ጭነት ላይ አያፈሱም፣ ልጃቸው የመንግሥት ሥራ ሲያገኝ ደስ ይላቸዋል፤ አንድ ቋሚ ደመወዝ ቤት ውስጥ ካለ ገበያ ሲከፋ ሽሮ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ የማይፈሩት ነገር አላቸው፤ ዱቤ። መርካቶ ውስጥ በአንድ የስልክ ጥሪ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ፊርማ፣ የአንድ አይሱዙ ጭነት ዕቃ ክፍለ ሀገር ይወርዳል። ላኪው "ሸጠህ ትልካለህ" ይላል፤ ተቀባዩም ሸጦ ይልካል። ከጸሐፊው ስድስት ጠባይ አንዱም ይህን አይገልጽም። ሰውየው ቆጣቢ ስለሆነ አልተላከለትም፤ ደፋር ስለሆነም አልተላከለትም። ስለሚታመን ነው።

በስድስቱ ዝርዝር ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ መታመን የለበትም። ለምን እንደቀረም እገምታለሁ። ቁጠባን፣ ትዕግሥትን፣ ማልዶ መነሳትን ሰው ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ሊለማመደው ይችላል። መታመንን ግን ብቻህን አትይዘውም፤ በሌላው ሰው አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንተ በሌለህበት "እሱማ አያጎድልም" ሲባል ነው ያለህ። የሚገነባው ደግሞ ለመታመን ዕድል ሲሰጥህ ነው። ማንም ዱቤ ሰጥቶት የማያውቅ ሰው ዱቤ ከፋይ መሆኑን በምን ያስመሰክራል?

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣም አይደለም። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ዘመዴ እንደገባ የገጠመው ይህ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ይዟል፣ ሥራም ወዲያው ይዟል፤ መኪና በብድር ልግዛ ሲል ግን "ክሬዲት የለህም" ተባለ። እዚያ አገር መታመን ቁጥር አለው፤ ከ300 እስከ 850 ይቆጠራል፤ ከቁጥሩም 35 በመቶ ያህሉ ያለፈ ዕዳህን በጊዜው ከፍለሃል ወይ በሚለው የሚወሰን ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው፣ በጸሐፊው ሚዛን ምስጉኑ፣ እዚያ ማንም የማያውቀው ሰው ነው። ዘመዴ የራሱን 300 ዶላር መያዣ አስቀምጦ በ300 ዶላር የብድር ካርድ ጀመረ፤ በየወሩ በራሱ ገንዘብ ላይ ዕዳ እየገባ እየከፈለ። ሲነግረኝ ሳቅን። በሳምንቱ ግን እዚያው ካሉ ሐበሾች ጋር እቁብ መግባቱን ነገረኝ፤ እዚያ ውስጥ ለመግባት የጠየቁት "ማን ያውቅሃል?" ብቻ ነበር።

ማልዶ መነሳትና አፍን መሰብሰብ ላይ ብዙ አልቆይም። የሰፈራችን የጉልት ነጋዴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ሽንኩርትና ቲማቲም ልታመጣ ትሄዳለች፤ ይህን 20 ዓመት አድርጋዋለች፤ ዛሬም ጉልት ላይ ናት። ማልዶ መነሳት ለጤናም ለጸሎትም ደግ ነው። ስለ አፍ ደግሞ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ያገኘውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ሌባም ደላላም ይጠራል። ብቻ ገበያ ላይ ፈጽሞ ዝም ያለ ሰው ሸሪክም አያገኝ።

አሁን ወደ ሥሩ፣ "ድህነት ከኪስ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ይጀምራል" ወደሚለው እንሂድ። በሕንድ ታሚል ናዱ በሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ። 464 ገበሬዎች አገዳቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት፣ እጃቸው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የአእምሮ ፈተና ተሰጣቸው። አዝመራው ተሸጦ ብር ሲገባ በድጋሚ ተሰጣቸው። እነዚያው ሰዎች ብር ሲኖራቸው ተሻሉ። ጭንቅላቱ ድሮም የነበረው ነው፤ የተለወጠው ኪሱ ነው። የወር መጨረሻ ሲደርስ ቤት ኪራይ እያሰበ የሰው ስም የሚጠፋበት ደመወዝተኛ ይህን ለማመን ጥናትም አያስፈልገው።

ጠባይ ሁሉን ይወስናል ለሚል ደግሞ ከራሳችን ታሪክ አንድ ቀን ልጥቀስ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967። በዚያ ቀን ደርግ ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የአዲስ አበባ ብልህ ቆጣቢ የሚያደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቶ ማከራየት፤ ጡረታው ያ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች መካከል አንዲት ብር ሳያባክኑ፣ ማልደው ተነስተው፣ አፋቸውን ሰብስበው የኖሩ ስንት ነበሩ? ማታ የተኙት ባለ ሦስት ቤት ሆነው ነው። ሲነሱ ባለ አንድ ቤት ናቸው። ያንኑ ብር አጥፍቶ፣ ጠጥቶና ጋብዞ የጨረሰ ጎረቤታቸው ያን ቀን ምንም አልጎደለበትም። ልጆቻችን የሚማሩት ትምህርት ይህ እንዲሆን አልፈልግም፤ ግን ሆኗል፤ የዚያ ትውልድ ልጆች ቤት ከመሥራት ወርቅ መቅበር የሚመርጡት ለምን እንደሆነ ያስረዳል።

ጸሐፊው አሜሪካዊውን ባለሀብት ዋረን ቡፌትንም ያነሳሉ፤ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ኦማሃ ከተማ በ31,500 ዶላር የገዙት ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ እንደሚኖሩ። እውነት ነው። አባታቸው ሐዋርድ ቡፌት የአክሲዮን ደላላና የኮንግረስ አባል እንደነበሩም እውነት ነው። ዋረን ራሳቸው አሜሪካ ውስጥ በዚያ ዘመን መወለዳቸውን የማህፀን ዕጣ እያሉ ይጠሩታል። ከዓለም ታላላቅ ባለጸጎች አንዱ የሆኑት ሰው ዕጣ መኖሩን ካመኑ፣ እኛ በየእሑዱ ኮፍያ ውስጥ ዕጣ የምንበጠብጥ ሰዎች ብናምን ምን ነውር አለው?

ጠባይ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እኩል ዕጣ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል አንዱ ብሩን ማቀዝቀዣ ገዝቶ ጭማቂ ሲሸጥበት፣ ሌላው በሁለት ቅዳሜ ሲጨርሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። የምጣላው ጠባይን ከሰውየው ቆዳ ሥር ብቻ ሲፈልጉት ነው። አንድ ሰው ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሚዛኑን ለእሳቸው እተዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነው። በአንዱ ዙር በስድስተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣለትና፣ ዋስ አቅርቦ ብሩን ወሰደ፤ አዲስ ማሽን ገዛበት። ዋስ የሆነችው ያቺ የጉልት ነጋዴ ናት። በዘጠነኛው ሳምንት ሱቁ ለመንገድ ማስፋፊያ ፈረሰ። በአሥረኛው እሑድ አልመጣም። በአሥራ አንደኛውም፣ በአሥራ ሁለተኛውም። ስልኩ አይነሳም። ብሩን ተቀብሎ ስለጨረሰ ቢጠፋ ማንም አያገኘውም ነበር፤ አንዳንዶቹም "አላልናችሁም?" ማለት ጀምረው ነበር። ዋሱ ሦስቱንም ሳምንት ከሽንኩርቷ ላይ እያወጣች ከፈለች፤ ስትከፍልም ለዳኛው አንዲት ቃል ብቻ ነው ያለችው፦ "ይመጣል።" በደብተሬ ላይ የጎደለ ሳምንት በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጻፍ፤ ስሙ ፊት ለፊት ሦስት ቀይ ቆመ።

በአሥራ ሦስተኛው እሑድ ሁላችንም ከመድረሳችን በፊት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማሽኑን አንድ ሰው በረንዳ ላይ አስጠግቶ ጀምሯል። የዚያን ሳምንቱን ሙሉ ከፈለ፤ የዋሱን ዕዳ ደግሞ ለአምስት ወር በየሳምንቱ ቁርጥራጭ እያመጣ፣ በእኔ ፊት እየቆጠረላት ጨረሰ። የመጨረሻዋን የሰጣት ቀን ወደ ጠረጴዛዬ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ያችን ቀይ አሁን ይሰርዙልኝ" አለኝ። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። አልሰረዝኩትም። ሰማያዊውን እስክሪብቶ አንስቼ ከእያንዳንዷ ቀይ አጠገብ "ገብቷል" ብዬ ጻፍኩ፤ እሷም ከጎኑ ቆማ፣ ማንበብ ባትችልም፣ ሦስቱንም እስክጨርስ በጣቷ ተከተለችኝ።